ከገበታ የሚወድቀው፦ በጅማና በዙሪያዋ የቡና ከተሞች የቤት ዶሮዎችን ከሰው ምግብ ጉዳት ስለ መጠበቅ

መግቢያ

በጅማ ከተማም ሆነ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በየቡና በሰቃ ቡና ሲፈላ ሳይጠራ የሚመጣ እንግዳ አለ። ቄጤማው ተጎዝጉዞ ፈንዲሻው ሲበተን፣ ረከቦቱ ቀርቦ ጀበናው ከሰል ላይ ሲጣድ፣ ዶሮዋ ጫጩቶቿን አስከትላ ከደጃፍ ብቅ ትላለች። ከቤተሰቡ አንዱ «እሽ!» ብሎ ሲያባርራት ሌላው ከእጁ ቁራሽ ይወረውርላታል። ከሁለቱ የትኛው ትክክል እንደ ሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይጠየቅም።

ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመረምረው ያንን ጥያቄ ነው። ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ወፎች በምግብ ሰዓት ስለሚደርስባቸው ጉዳት በሌላው ዓለም በስፋት የተጻፈው በጎጆ ውስጥ ስለሚያዙ ጌጠኛ ወፎች፣ በተለይም ከአውስትራሊያ ስለ ተገኘችው ኮካቲየል የተባለች ትንሽ በቀቀንና ስለ ዘመዶቿ ነው። በጅማ አካባቢ እንዲህ ያሉ ወፎች በቤት ውስጥ እምብዛም አይገኙም። የሰውን ገበታ በየቀኑ የምትጋራው የቤት ወፍ ዶሮ ናት። ስለ ጎጆ ወፎች የታወቀው ዕውቀት ለእርሷም ይጠቅማል፤ ሆኖም እንዳለ ተቀድቶ ሊሠራባት አይችልም። የኮካቲየል ባለቤት ገበታውን ከወፏ ፈጽሞ ሊለይ ይችላል፤ የጅማ ዶሮ ግን ከምትኖርባቸው ምግቦች አንዱ የገበታው ትራፊ ነው። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ጥያቄው «ዶሮ ከሰው ምግብ ትከልከል ወይስ አትከልከል?» ሳይሆን «የትኛው ትራፊ፣ በምን ያህል መጠን፣ በየትኛው ቦታና ሰዓት ይሰጣት?» የሚል ነው።

1. ዶሮዋ በቤተሰቡ ውስጥ ያላት ስፍራ

በኢትዮጵያ ከሃምሳ ሚሊዮን በላይ ዶሮዎች እንዳሉ የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ተከታታይ ዘገባዎች ያመለክታሉ። አብዛኞቹ በጓሮ የሚለቀሙ የአገር በቀል ዝርያዎች ናቸው። በቡና አምራቹ ምዕራብ ደግሞ የዶሮ ጠቀሜታ ከቡናው የገቢ ዑደት ጋር የተያያዘ ነው። የቡና ገንዘብ የሚገባው ከመስከረም ማለቂያ አንሥቶ ቀይ እሸቱ በሚለቀምባቸው ጥቂት ወራት ነው። በቀሪው ዓመት ለጨው፣ ለሳሙና፣ ለጋዝና ለልጆች ደብተር የምትሆነው ሳንቲም ከእንቁላል ትገኛለች። ይህችን ገቢ በአብዛኛው የምታንቀሳቅሰው የቤቱ እመቤት ናት። ስለሆነም የአንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ ሞት በቤተሰቡ የዕለት ወጪ ላይ ወዲያውኑ የሚታይ ጉድለት ያስከትላል።

በጓሮ የምትለቀም ዶሮ የተመጣጠነ መኖ አይገዛላትም። የምትኖረው በነፍሳት፣ በትላትል፣ በሣር፣ በወደቀ እህልና ከቤት በሚወጣ ትራፊ ነው። ነፍሳትና ለጋ ሣር በሚያንሱበት በበጋ የገበታ ትራፊ ድርሻ ይጨምራል። «ለዶሮ የሰው ምግብ አትስጡ» የሚለው ምክር በዚህ አካባቢ የማይተገበረው ለዚህ ነው፤ ምክሩን በሙሉ የተቀበለ ቤተሰብ ዶሮውን ያስርባል። ሊተገበር የሚችለው ትራፊውን መለየት ነው፤ ለመለየት ደግሞ አስቀድሞ የወፍን አካል ማወቅ ያስፈልጋል።

2. የወፍ አካልና የመጠን ጉዳይ

ወፍ ትንሽ ሰው አይደለችም። ጥርስ የላትም፤ የዋጠችው ከአንገቷ ሥር ባለው ከረጢት ተጠራቅሞ ይርሳል፤ ኋላም በጡንቻማው ሆዷ ውስጥ ከዋጠቻቸው ጠጠሮች ጋር ይፈጫል። የሰውነቷ ሙቀት ከሰው ከፍ ያለ ነው፤ በዶሮ ከ41 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይደርሳል። ልቧ ፈጥኖ ይመታል፤ ምግብም በሰውነቷ ውስጥ በፍጥነት ይዘዋወራል። ኩላሊቷ ብዙ ጨውን ከሰውነት የማስወጣት አቅሙ ውስን ነው።

ከሁሉ በላይ ወሳኙ የክብደት ልዩነት ነው። ለስሌት ያህል በአንድ ሲኒ ቡና ውስጥ 60 ሚሊ ግራም ካፌይን አለ ቢባል፣ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ያንን ሲኒ ሲጠጣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 1 ሚሊ ግራም ይደርሰዋል። ያው ሲኒ 1.5 ኪሎ ግራም በምትመዝን የአገር ዶሮ ሆድ ቢገባ መጠኑ በኪሎ 40 ሚሊ ግራም ይሆናል። 90 ግራም ገደማ የምትመዝን ኮካቲየል ደግሞ የሲኒውን አንድ አሥረኛ ብቻ ብትቀምስ በኪሎ 67 ሚሊ ግራም ያህል ይደርሳታል። ለሰው ጉንጭ የማትሞላ ጠብታ ለትንሽ ወፍ ከባድ ጭነት ናት። ክብደቷ አነስተኛ የሆነ ጫጩትም በዚህ ረገድ የምትቀርበው ከእናቷ ይልቅ ለኮካቲየሏ ነው። ስለዚህ «እናቲቱ በልታ ምንም አልሆነችም» የሚለው ማስረጃ ለጫጩቶቹ አይሠራም።

ሁለተኛው የማሳሳት ምንጭ የወፍ ምላስ ነው። ዶሮ በበርበሬ የቀላ ወጥ ያለበትን እንጀራ ያለ አንዳች ችግር ትለቅማለች። ይህን የተመለከተ ሰው «ይህን ያህል ካልጎዳት ሌላው ምን ያደርጋታል?» ሊል ይችላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። በርበሬንና ቃሪያን የሚያቃጥል የሚያደርገው ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ የዶሮ የነርቭ ተቀባይ ለእርሱ እንደ ሰው ተቀባይ ምላሽ እንደማይሰጥ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የዮርትና የጁሊየስ ጥናት አሳይቷል። በርበሬው ዶሮዋን የማያስጨንቃት ማቃጠሉን ስለማታውቀው ነው። በዚያው ወጥ ውስጥ ያሉት ጨው፣ ሽንኩርትና ቅባት ግን ሥራቸውን ይሠራሉ። ዶሮ የለቀመችው ሁሉ ለዶሮ ይስማማል ማለት አይደለም፤ የምግቡን ደኅንነት መለየት ያለበት የሚሰጣት ሰው ነው።

3. ከረከቦቱ ዙሪያ

በቡና ሥርዓት ላይ ዶሮዋን የሚስባት ፈንዲሻውና ቆሎው ነው። ጨውም ስኳርም ያልበዛበት ፈንዲሻ በጥቂቱ ጉዳት የለውም፤ ቆሎንም ጡንቻማ ሆዷ ይፈጨዋል። አሳሳቢው ከዚያ ቀጥሎ የሚወጣው ነገር ነው። አቦል፣ ቶናና በረካ ተጠጥተው ሲያበቁ የጀበናው አተላ ብዙውን ጊዜ ከደጃፍ ወይም ከጓሮ ይደፋል። የአረቢካ ቡና ፍሬ ከደረቅ ክብደቱ ከመቶ 1 እስከ 1.5 ያህሉ ካፌይን ነው። ማፍላቱ አብዛኛውን ካፌይን ወደ ውኃው ቢያወጣውም ከፊሉ በአተላው ውስጥ ይቀራል። ካፌይን በወፎች ላይ መቅበጥበጥን፣ የልብ ምት መዛባትን፣ መንቀጥቀጥን፣ ሲበዛም ሞትን ያስከትላል።

አተላው ብቻውን መራራ ስለሆነ ዶሮ ሆን ብላ አትጠግበውም። አደጋው የሚመጣው ከሚጣፍጥ ነገር ጋር ሲቀላቀል ነው። የፈንዲሻው ጥራጊ፣ የዳቦው ፍርፋሪና የጀበናው አተላ በአንድ ቦታ ሲደፉ ዶሮዋ እህሉን ስትለቅም አተላውንም አብራ ትውጣለች። በገጠሩ የጅማ አካባቢ ቡና በጨው፣ አንዳንዴም በቅቤ ስለሚጠጣ የሲኒው ትራፊ ጨውና ቅባት ይጨምራል። በቅቤ ታሽቶ የሚዘጋጀው «ቡና ቀላ»ም ፍሬው ራሱ የሚበላበት በመሆኑ፣ ከእርሱ የሚወድቀው ቅባት ያለው ፍሬ ከአተላው ይልቅ ለዶሮ የሚስብና ካፌይኑም ያልወጣለት ነው።

ሌላው ጭስ ነው። የወፍ ሳንባ ከአየር ከረጢቶች ጋር ተያይዞ አየርን በአንድ አቅጣጫ በማሳለፍ ኦክስጅንን በብቃት ይወስዳል። ይኸው ብቃት በጭስና በመርዛማ ጋዝ ፈጥና እንድትጎዳ ያደርጋታል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቡና ሲቆላ፣ ከሰል ሲነድና ዕጣን ሲጤስ በቅርጫት ሥር የተደፋ ጫጩት ሊታፈን ይችላል። በከተማ ቤቶች እየበዙ ያሉት በቴፍሎን የተለበጡ የማይለጥፉ መጥበሻዎችም ባዶአቸውን እሳት ላይ ተረስተው ከልክ በላይ ሲግሉ የሚያወጡት ጋዝ ለወፎች ገዳይ መሆኑ በሚገባ ተረጋግጧል፤ በዚህ ጋዝ በብዛት የሚሞቱት በማብሰያ ክፍል አጠገብ የሚያዙ የጎጆ ወፎች ናቸው። በማድ ቤት ጥግ ጫጩት የምታሳድግ የከተማ እመቤትም ይህን ማወቅ ይገባታል።

4. ከወጡና ከጓሮው

ለሰው ምላስ የተመጠነ ጨው ለጫጩት ከመጠን በላይ ሊሆን ይችላል። በተዘጋጀ የዶሮ መኖ ውስጥ የሚጨመረው ጨው ከመቶ ግማሽ እንኳ የማይሞላ ነው። የጨው መመረዝ የሚጠናው ዶሮዎች በቂ ውኃ በማያገኙበት ጊዜ ነው፤ ውኃ ካለ ጨዉ ይቀልላል፣ ከሌለ ግን ጥማት፣ ተቅማጥ፣ ድካምና መንገዳገድ ይከተላሉ። የጎመን መቀቀያ ውኃ፣ የወጥ ድስት እጣቢና የጨው ከረጢት ጥራጊ በሚደፉበት ቦታ ንጹሕ ውኃ ከሌለ ጫጩቶች እጣቢውን ይጠጣሉ። በበጋ ወራት ይህ አጋጣሚ ይበዛል።

ሽንኩርት በውስጡ ያሉት የሰልፈር ውሕዶች የቀይ ደም ሕዋሳትን የሚጎዱ ናቸው። ጉዳቱ በውሾችና በድመቶች ጎልቶ የታወቀ ሲሆን በወፎችም ተመዝግቧል፤ መብሰልም አያጠፋውም። በእንጀራ ላይ የተረፈች ጥቂት ወጥ ዶሮን አትገድልም፤ የድስት ቅራሪና የሽንኩርት ልጣጭ የዘወትር ቀለብ ሲሆኑ ግን ልዩነት ያመጣሉ።

ከጓሮ ፍሬዎች መካከል በተለየ ሊታይ የሚገባው አቮካዶ ነው። በጅማ ዞን በቡናው ጥላ አጠገብና በየግቢው አቮካዶ በብዛት ይበቅላል። በለቀማ ወቅት ከዛፉ የሚወድቀውን ሰው ስለማይጨርሰው ለእንስሳት መስጠት የተለመደ ነው። አቮካዶ ፐርሲን የተባለ ንጥረ ነገር አለው፤ ይህ ንጥረ ነገር በቅጠሉ፣ በልጣጩና በፍሬው ውስጥ ይገኛል፤ የልብን ጡንቻ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ ጥናት ትናንሽ በቀቀኖችና ካናሪዎች አቮካዶ ከበሉ በኋላ እንደ ሞቱ አሳይቷል። ዶሮ ከእነዚህ ወፎች ይልቅ የምትቋቋመው ቢሆንም፣ ቅጠሉንና ልጣጩን ጫጩቶች ከሚለቅሙበት ማራቁ ብልህነት ነው። በቀቀን ወይም ሌላ የጎጆ ወፍ ባለበት ቤት ግን አቮካዶ ፈጽሞ መቅረብ የለበትም። በጅማ ጫካዎች የሚኖሩት ጥቁር ክንፍ ያላቸው ትናንሽ በቀቀኖችና ግንባረ ቢጫዎቹ በቀቀኖች ከኮካቲየል ጋር የሩቅ ዝምድና ስላላቸው፣ ተይዘው በቤት የሚያዙ ቢሆን ኖሮ ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልጋቸው ነበር። እነዚህ የዱር ወፎች ስፍራቸው ግን ቤት ሳይሆን ጫካው ነው።

ከበቆሎ ጋር ተሰባጥሮ የሚዘራው ቦሎቄ ጥሬውን ሲሆን አንጀትን የሚጎዳ ሌክቲን የተባለ ፕሮቲን ስላለው ለዶሮ የሚሰጠው በሚገባ ተቀቅሎ ብቻ ነው። ጎደሬም ጥሬውን አፍና ጉሮሮ የሚቆጠቁጥ የኦክሳሌት ስል ቅንጣት አለው፤ ስለዚህ ልጣጩ ሳይቀቀል አይጣልላትም። አረንጓዴ የሆነ ወይም ያበቀለ የድንች ልጣጭ ሶላኒን ስለሚይዝ አይሰጥም። ከበርጫ የሚተርፈው የጫት ቅጠልም አነቃቂ ንጥረ ነገር ያለው በመሆኑ ከዶሮ መለቀሚያ ተጠርጎ መወገድ ይኖርበታል። በአንጻሩ የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ የጎመን ቅጠል፣ የዱባ ውስጥ፣ የሙዝና የፓፓያ ትራፊ፣ ንጹሕ የእንጀራ ድርቆሽና ጨው የሌለው የበሰለ እህል ከጅማ ጓሮ በቀላሉ የሚገኙ ጠቃሚ ምግቦች ናቸው።

5. «ለሰው የማይሆን ለዶሮ»

ከላይ ከተጠቀሱት ሁሉ ይልቅ ክብደት የሚሰጠው ጉዳይ የሻገተ እህል ነው። ጅማ በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ፣ የዝናቡም ወራት ረጅም የሆነባት አገር ናት። በዚህ እርጥበት በቆሎ በጎተራ በቀላሉ ይሻግታል። እመቤቲቱ ለገንፎ ወይም ለቂጣ እህል ስትለቅም የሻገተውን ለይታ ለዶሮ ትበትነዋለች። ልማዱ የቁጠባ ነው፤ እህል እንዳይባክን የታሰበበት ነው። ውጤቱ ግን ተቃራኒ ሊሆን ይችላል።

በሻጋታ ላይ የሚበቅሉ አንዳንድ ፈንገሶች አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫሉ። የዚህ መርዝ ታሪክ የተጀመረው በወፎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የፈረንጅ ዶሮዎች፣ ማለትም ተርኪዎች፣ መንስኤው ባልታወቀ በሽታ አለቁ። ምርመራው ያመለከተው ከብራዚል ወደመጣ የለውዝ ፋጉሎ ነበር፤ አፍላቶክሲን የታወቀውም ከዚያ በኋላ ነው። ዶሮ ከተርኪና ከዳክዬ ጫጩት ይልቅ መርዙን ትቋቋማለች። በትንሽ መጠን ለረጅም ጊዜ ስትመገበው ግን ጉበቷ ይጎዳል፣ እንቁላሏ ያንሳል፣ በሽታን የመከላከል አቅሟ ይዳከማል፤ የተሰጣት ክትባትም በሚገባ ላይሠራላት ይችላል። ባለቤቲቱ የምታየው «ዶሮዋ መጣል አቆመች» የሚለውን ብቻ ነው፤ ከበቆሎው ጋር የሚያያይዘው የለም።

ጉዳዩ በዶሮዋ አያበቃም። አፍላቶክሲን በተለመደው የማብሰል ሙቀት አይጠፋም፤ ከፊሉም በዶሮዋ ጉበትና በመጠኑ በእንቁላሏ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ «ለሰው አይሆንም» ተብሎ ከገበታ የወጣው እህል በእንቁላልና በጉበት አድርጎ ወደ ገበታው የመመለስ ዕድል አለው። የሻገተ እህል ለሰው ካልሆነ ለዶሮም አይሆንም፤ ስፍራው የማዳበሪያ ጉድጓድ ነው።

6. የበዓል ማግስት

የገበታ ትራፊ ዓይነትና ሰዓት በዓመቱ ውስጥ ይለዋወጣል። በረመዳን ዋናው ማዕድ የሚቀርበው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ዶሮዎች ቆጥ ከወጡ በኋላ ነው፤ ትራፊው የሚደርሳቸው ጠዋት አድሮና ቀዝቅዞ ነው። በሞቃት ሌሊት ያደረ የሾርባና የሳምቡሳ ትራፊ የመበላሸት ዕድል አለው። በዐቢይ ጾም ደግሞ ሽሮና አትክልት ስለሚበዙ ትራፊው ለዶሮ ተስማሚ ይሆናል። በፋሲካ፣ በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በኢድ ግን ሥጋ፣ ቅባትና አጥንት በአንድ ጊዜ ወደ ጓሮ ይወጣሉ።

በበዓል የሚመጣው ትልቁ አደጋ ከመመረዝ የተለየ ነው። ለዶሮ ወጥ ከገበያ የተገዛች ዶሮ በግቢ ስትታረድ ላባዋ፣ አንጀቷና የታጠበችበት ውኃ በዚያው ይደፋል፤ የቤቱ ዶሮዎችም ተሻምተው ይለቅሙታል። የተገዛችው ዶሮ በሕዝቡ ዘንድ «ፈንግል» የሚባለውን በሽታ ይዛ ከነበረ፣ ቫይረሱ በዚህ መንገድ ወደ ግቢው ዶሮዎች ይተላለፋል። በበዓል ሰሞን የዶሮ ግብይት ስለሚጧጧፍ የበሽታው ሥርጭትም አብሮ ይሰፋል። ስለዚህ የታረደች ዶሮ ጥሬ ትራፊ ለዶሮ አይሰጥም፤ ተቀብሮ ይወገዳል። ለፈንግል መከላከያ የሚሆን ክትባት በቢሾፍቱ ይመረታል።

እዚህ ላይ አንድ ተያያዥ ችግር ይነሣል። በጓሮ የሞተች ዶሮ ሁሉ «ፈንግል ገደላት» ስለሚባል የመመረዝ ሞት ሳይታወቅ ይታለፋል። ሁለቱን ለመለየት የሚረዱ አንዳንድ ምልክቶች አሉ። ፈንግል በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ ዶሮዎችን ይይዛል፣ ወደ ጎረቤት ግቢ ይሻገራል፤ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የትንፋሽ ማጠርና የአንገት መጠማዘዝ ይታይበታል። መመረዝ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ግቢ፣ ከአንድ ቦታ የለቀሙ ዶሮዎችን፣ ከለቀሙ በኋላ ባሉት ሰዓታት ይይዛል፤ የጎረቤት ዶሮዎችም ደኅና ይሆናሉ። ይህ ልየታ የሐኪምን ምርመራ አይተካም፤ ይሁን እንጂ ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ የሚሄድ ሰው «ትናንት ምን ለቀመች?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይዞ እንዲሄድ ያስችለዋል።

7. ከዶሮዋ ወደ ገበታው

ገበታውን ከዶሮዋ መለየት የሚጠቅመው ለዶሮዋ ብቻ አይደለም። ጤነኛ የምትመስል ዶሮ በአንጀቷ ካምፒሎባክተርና ሳልሞኔላ የተባሉ ባክቴሪያዎችን ልትይዝ ትችላለች። በእግሯ ኩስ ይዛ ቄጤማው ላይ ስትራመድ፣ ትሪው ጫፍ ላይ ስትቆም ወይም ከሕፃን እጅ ቁራሽ ስትነጥቅ ባክቴሪያው ወደ ሰው ይሻገራል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በሐረማያ አካባቢ በሕፃናት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ካምፒሎባክተር በሕፃናቱ ዘንድ በስፋት እንደሚገኝ አሳይተዋል። በመሬት ላይ የሚድህ ሕፃን የወደቀ ፈንዲሻ አንሥቶ ወደ አፉ ሲያስገባ ከዶሮዋ ጋር በአንድ ገበታ እንደ ተቀመጠ ይቆጠራል። ዶሮዋን ከሰው ምግብ የሚጠብቀው ሥርዓት ሕፃኑን ከዶሮዋ ኩስ የሚጠብቀው ሥርዓት ነው።

8. ሊተገበር የሚችል ሥርዓት

ከላይ የተባለውን በአንድ ቤተሰብ አቅም ለመፈጸም የሚከተሉት ስድስት ነጥቦች በቂ ናቸው፤ አንዳቸውም ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም።

አንደኛ፦ ዶሮ ከገበታ በፊት ትመገብ። ማዕድ ከመቅረቡ ወይም ቡና ከመፈላቱ ቀደም ብሎ እፍኝ እህል ወይም የተለየ ትራፊ ራቅ ባለ ቦታ ከተሰጣት ወደ ቤት የመግባት ፍላጎቷ ይቀንሳል። ዶሮ ሰዓትና ቦታ ስለምትለምድ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደዚያው ቦታ ትሄዳለች።

ሁለተኛ፦ ሁለት መጣያ ይኑር። አንዱ ለዶሮ የሚሆነውን የሚይዝ ዕቃ፣ ሌላው ለአተላ፣ ለእጣቢ፣ ለአቮካዶና ለሽንኩርት ልጣጭ፣ ለሻገተ እህል የሚሆን ጉድጓድ። ጉድጓዱ በእሾህ ወይም በአፈር ይሸፈን። የቡና አተላ ከአፈር ጋር ሲቀላቀል ለጓሮ አትክልት ይጠቅማል።

ሦስተኛ፦ ንጹሕ ውኃ በተሰባበረ ሸክላ ወይም በተቆረጠ ጀሪካን ዘወትር ይቀመጥ፤ በየቀኑም ይለወጥ። ይህ ብቻውን አብዛኛውን የጨው ጉዳት ይከላከላል።

አራተኛ፦ ጫጩቶች ከእናታቸው ተለይተው ይታሰብላቸው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጨው የሌለው የተፈጨ እህል ይሰጣቸው፤ የወጥ ትራፊ አይሰጣቸው። ቡና ሲቆላና ከሰል ሲነድ ከክፍሉ ይውጡ።

አምስተኛ፦ ያደረ ትራፊ ሽታው ከተለወጠ አይሰጥ። ቀን የተረፈው በዚያው ቀን ይሰጥ፤ ዶሮዋ በግማሽ ሰዓት ያልጨረሰችው ይነሣ።

ስድስተኛ፦ ልጆች ይማሩ። በምግብ ሰዓት ለዶሮ ቁራሽ የሚወረውሩት በአብዛኛው ልጆች ናቸው፤ የሚያደርጉትም በርኅራኄ ነው። ርኅራኄውን መገሠጽ አይገባም፤ «ከበላን በኋላ በእሷ ዕቃ ስጣት፣ እጅህንም ታጠብ» ብሎ አቅጣጫ ማስያዝ ይበቃል።

በቅርብ ዓመታት ወደ አካባቢው የገቡት እንደ ሳሶና ቦቫንስ ብራውን ያሉ የተሻሻሉ ዝርያዎች ከአገር ዶሮ የበለጠ የተመጣጠነ መኖ ይፈልጋሉ። ለእነርሱ የገበታ ትራፊ ከዋና ቀለብነት ወደ ጥቂት ተጨማሪነት ዝቅ ማለት አለበት።

ማጠቃለያ

በምግብ ሰዓት የቤት ወፎችን ስለሚጎዳው ነገር ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው «መርዛማ ምግቦች» የሚል ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ይጠቅማል፤ ሆኖም በጅማና በዙሪያዋ ከተሞች የጉዳቱ ሥር ልየታ የሌለው አደፋፍ ነው። ፈንዲሻ ከአተላ ጋር፣ እንጀራ ከጨው እጣቢ ጋር፣ ጤነኛው በቆሎ ከሻገተው ጋር፣ የቤቱ ዶሮ ከታረደችው አንጀት ጋር በአንድ ቦታ ሲገናኙ ጠቃሚው ትራፊ ጎጂ ይሆናል። ተለይቶ ሲሰጥ ግን ያው ትራፊ እንቁላል ይሆናል።

በጅማ የግብርና ትምህርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፤ ዛሬ በዚያው መሠረት ላይ የቆመው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ይገኛል። በየቤቱ ከገበታ የሚወድቀውን መመዘን፣ የዶሮዎችን ሞት ከለቀሙት ነገር ጋር አያይዞ መመዝገብና በጎተራ ያለውን በቆሎ መመርመር ለድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚመጥን፣ ብዙ ወጪም የማይጠይቅ ሥራ ነው። እስከዚያው ድረስ ለእመቤቲቱ የሚነገራት ምክር በአጭሩ ይህ ነው፦ ዶሮዋን በ«እሽ!» ከማባረሯ በፊት ቀድማ ታብላት፤ አተላውንም ከእህሉ ለይታ ትድፋ።